ባለ ጎፈሩ

ጣርማ በርን በክረምት የተሻገረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት እየሾለከ ጉልበት መብላት ይጀምራል። «ኧረ መስኮቱን ዝጉልን!» የሚል ጩኸት ከየወንበሩ ይነሳል። ጉሙ ሲመጣ ሾፌሩ መብራቱን ያበራል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ተሳፋሪው ደግሞ በየሃይማኖቱ ያነበንባል። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ የሠራው ዋሻ ይመጣል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጨለማ ነው። በወዲያኛው አፉ ብቅ ሲሉ አገር ምድሩ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ያገኙታል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው፣ ጠመዝማዛውን ጨርሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጃኬቱም ሹራቡም ወልቆ ሸሚዝ ብቻ ቀርቷል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነስቶ 1,280 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ መውረድ ማለት ይኼ ነው።

እኔ ይህን መንገድ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የወረድኩት ብብቴ ሥር አንድ ሃይላንድ ሸጉጬ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ ግማሽ ድረስ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ደግሞ አንድ ዓሣ። ሰማያዊ ነው፤ ክንፎቹና ጭራው እንደ ሐር ነጠላ የሚንዘረፈፉ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ዓሣ። ለእህቴ ልጅ የያዝኩት ስጦታ ነበር።

ጣርማ በር አፋፍ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ልጅ ያቀፈች ሴት፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ውሃ ለልጁ ጉሮሮ ማርጠቢያ ታህል ብትሰጠኝ» አለችኝ።

«እህቴ፣ ዓሣ አለበት» አልኳት።

«ምን አለበት?»

አወጣሁና አሳየኋት። ለካስ ዓሣው ከሥር ተጋድሟል። አይንቀሳቀስም። ሃይላንዱን ነቀነቅሁት፤ አንድ ክንፉን ብቻ እንደ ምንም አነሳ። የሸጠልኝ ልጅ «ብርድ አይወድም» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ብርድ ማን ይወዳል ብዬ አልፌዋለሁ። ሴትዮዋ ምንም አልተናገረችም። ልጇን ከጠቀለለችበት ጋቢ ጫፉን ፈታች፣ ሃይላንዱን ከእጄ ወሰደች፣ ከልጁ ሆድ ጋር አድርጋ ጠቀለለችው። ደብረ ሲናን አልፈን ሙቀቱ ሲጀምር ፈታ ብታየው ሽቅብ ወጥቶ አየር ሲስብ አገኘችው። «ተነሳልህ!» ብላ ጮኸች። መኪናው በሙሉ ዞረ። ያ ዓሣ ሸዋ ሮቢት የገባው በስንት ሰው ምርቃት ነው።

*

የዓሣው ስም ቤታ ነው። አገሩ ወዲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ ታይላንድና አካባቢዋ ነው፤ የሩዝ ማሳ፣ ረግረግ፣ ዝግ ያለ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል። አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ ካልተገጠመለት ውሃው ይቀዘቅዝበትና ይደነዝዛል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ሸዋ ሮቢት ግን ማሞቂያውን እግዜር ገጥሞለታል። ስጦታውን ስመርጥ ይህን አስቤ ነው ብል ደስ ባለኝ። አላሰብኩም። ሱቁ ውስጥ ሳየው አማረኝ፤ ሻጩም «ይኼማ ምንም አይፈልግም፤ ብርጭቆ ውስጥ ይኖራል፤ ብቻውን ይሁን እንጂ» አለኝ። ርካሽና የማያስቸግር ስጦታ የማይወድ ማነው?

«ብርጭቆ ውስጥ ይኖራል» የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ዓሣ ሁሉ በስንጥቡ ከውሃ ውስጥ አየር ይወስዳል። ቤታ ከዚህ ሌላ ከስንጥቡ በላይ እጥፍጥፍ ያለ ልዩ የአየር መሳቢያ አለው፤ አፉን ከውሃው በላይ ብቅ አድርጎ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ከላይ ይስባል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ ታፍኖ በሚሞትበት ትንሽ ውሃ ውስጥ እሱ ይሰነብታል። መሰንበት ግን መኖር አይደለም። ይህን እኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የእህቴ ልጅ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። መጀመሪያ ያስቀመጠው እናቱ ሎሚ በምትዘፈዝፍበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሆዱ ተነፋ።» ለካስ ቤት ያለ ሁሉ በመጣ በሄደ ቁጥር የዳቦ ፍርፋሪ ይጥልለታል። እንግዳ ተቀባይነታችን ዓሣ ሊገድል! የዚህ ፍጥረት ጨጓራ የዓይኑን ያህል ቢሆን ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ምግብ ይበቃዋል፤ የተረፈው ውሃው ውስጥ በስብሶ መርዝ ይሆናል። እህቴ ደግሞ ንጽሕና ወዳድ ናት፤ በየቀኑ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍታ ከቧንቧ ትሞላለች። አንድ ቀን እንዲያውም የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ጨመረችበት፣ «ጀርም እንዳይነካው» ብላ። ያን ቀን ዓሣው ሊያልቅለት ነበር።

እኔም ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ዕቃ ውስጥ ማሳደር። በሳምንት አንዴ ሩቡን ያህል ብቻ መቀየር። ዕቃው ሃያ ሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። ልጁ ይኼን ሲሰማ ነጭ የዘይት ጀሪካን ፈልጎ አናቱን በቢላ ቆረጠና ዓሣውን አዛወረው። ቤታ ዘላይ ስለሆነ መክደኛ ያስፈልገዋል። ልጁ አሮጌ አጎበር ቆርጦ ሊወጥርበት ሲል በስልክ አስቆምኩት። የወባ አጎበር የተነከረበት መድኃኒት ለሰው ብዙ አያሰጋም፤ ለዓሣ ግን ብርቱ መርዝ ነው። አጎበር ወንዝ ወርደን አንጠብ የሚባለውም አንዱ ምክንያቱ ይኼ ነው። በመጨረሻ የእናቱን ወንፊት ደፋበት። እህቴም ወንፊቷን ስትፈልግ ከርማ ስታገኘው ዝም አለች። የተሸነፈች ያን ቀን ነው።

*

ስም ያወጣለት ልጁ ነው። «ፊታውራሪ» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታ ሌላ ወንድ ሲያይ የስንጥቡን ክዳን ወደ ፊት ይገለብጠዋል። ከሥሩ ጥቁር ጺም የመሰለ ይወጣል። ክንፎቹን ይወጥራል፣ ጭራውን ይዘረጋል፣ ቀለሙ ይነድዳል። በአንዴ እጥፍ ይሆናል። ባንድ በኩል የአንበሳ ጎፈር የደፋ አርበኛ ነው ልበል? ሌላ ወንድ ከሌለ ደግሞ መስታወት ቢያሳዩት ይበቃል። የገዛ መልኩን ጠላት ብሎ ይነሳል። ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣ ይፎክራል።

ይኼን ጨዋታ ለልጁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየተራ መስታወት ይዞ ይመጣ ጀመር። ጎረቤታችን ሐጂም አንድ ቀን መጡ። ከሰማንያ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓሣውን መጀመሪያ ሲያዩት፣ «አይበላ፣ አያርስ፣ አይጮህ፤ ምን ይሠራል?» ብለው ነበር። መስታወቱን ሲያሳዩት አይተው፣ «እንዴ፣ ይኼ ከማን ጋር ነው የተጣላው?» አሉ።

«ከራሱ ጋር ነው አባ ሐጂ» አላቸው ልጁ።

«አይ! እንግዲህ ማን ያስታርቀዋል?» ብለው ሄዱ። እኛ ሳቅን።

የሠራሁትን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ለ2014 ዘመን መለወጫ እንደገና ስወርድ ሌላ ወንድ ቤታ ይዤ ሄድኩ። ቀይ ነው። ይኼኛውን በጋቢ ጠቅልዬ ስለወሰድኩት ጣርማ በር እንኳ አልደነዘዘም። ለልጁ ሁለተኛ ስጦታ ነው ብልም ልቤ ያውቀዋል፤ ማየት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ። «ተዋጊ ዓሣ» የሚባለው እውነት ይዋጋል ወይ?

በዓሉ ማግስት ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ ቴሌቪዥኑ ያን ሰሞን እንደነበረው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ያወራል። አንዱ አማቻችን «እስቲ ይግጠሙ» አለ። ሌላው በቀዩ ላይ አሥር ብር አስያዘ። «እኔ በፊታውራሪ!» ያለ ደግሞ ተነሳ። ልጁ «ተው፣ ይጎዳዳሉ» ቢልም ማን ሰምቶት። «ትንሽ ብቻ ነው፤ ወዲያው እናወጣዋለን» አልኩትና ቀዩን በእጄ ጀሪካኑ ውስጥ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ ተያዩ። ሁለቱም ጎፈራቸውን ደፉ። ጎን ለጎን ሆነው በጭራቸው ውሃ ይገፋፉ ጀመር። ያማረ ነገር ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ አንዱ ነከሰ። የቀዩ ጭራ ላይ ቁራጭ ሲንሳፈፍ አየን። ከዚያ አፍ ለአፍ ተያያዙና ሰመጡ። ትንሽ ቆይተው ተላቀው ሁለቱም ወደ ላይ ወጡ፤ አየር ሳቡ፤ ተመልሰው ተያያዙ። ቤቱ ይጮሃል። ሐጂ ለእንኳን አደረሳችሁ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። «እነሱስ እስትንፋስ ይሰጣጣሉ» አሉ ቀስ ብለው።

ቀዩ ይሸሽ ጀመር። ጥግ ይዞ ቀለሙ ነጣ፤ መሸነፉ ነው። ግን ጀሪካን ጥጉ ስንት ነው? ፊታውራሪ እየዞረ ያገኘዋል። እጄን አስገብቼ ላወጣው ብል ያመልጠኛል። በመጨረሻ ያወጣው ልጁ ነው፣ በሻይ ማጥለያ። ቀዩ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ፊታውራሪም ጭራው ተዘነጣጥሎ ከወር በላይ ቆየ። ልጁ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። የአሥር ብሩ ነገርም ያጨቃጨቀ መሰለኝ፤ ማን እንደወሰደው አላስታውስም።

*

አዲስ አበባ ስመለስ ኅሊናዬን ለማስታመም ብዬ ይሁን ባላውቅም ስለዚህ ዓሣ ብዙ አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ይበልጥ አሳፈረኝ።

ታይላንዶች «ፕላ ካት» ይሉታል፤ «ነካሽ ዓሣ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገራቸው ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ብለው አውጀውታል። እ.ኤ.አ. በ1840 የስያም ንጉሥ ጥቂት ዓሦች ቴዎዶር ካንቶር ለሚባል የዴንማርክ ሐኪም ሰጡ። ካንቶር በኋላ ስለ ዓሣው ሲጽፍ በላቲን «ጠበኛ» የሚል ስም አወጣለት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሬጋን የተባለ እንግሊዛዊ የዓሣ አጥኚ ያ ስም አስቀድሞ ለሌላ ዓይነት ዓሣ የተሰጠ መሆኑን አየና አዲስ ስም ሰጠው፤ «ቤታ ስፕሌንደንስ»። «አንጸባራቂው ቤታ» እንደማለት ነው። ሳይንስ የያዘው ስም እንግዲህ ጠበኛ የሚለውን ሳይሆን ይኼኛውን ነው። እኛ ግን ዛሬም «ተዋጊው» እንላለን፤ የሚሸጠው እሱ ነዋ።

ሌላም አለ። በማሳውና በረግረጉ የሚኖረው የዱሩ ቤታ ከሌላ ወንድ ጋር ሲገናኝ ይፎክራል፣ ክንፉን ይወጥራል፣ ትንሽ ይነካከሳል፤ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የተሸነፈው ይሄዳል። መሄጃ አለዋ! ያሸነፈውም አያሳድደውም፤ የፈለገው ቦታውን እንጂ ነፍሱን አይደለም። ለሰዓታት የሚዋጋው ዓሣ ሰው ያረባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የዘር ጥናት ሰው ይህን ዓሣ ማልመድ ከጀመረ ቢያንስ 1,000 ዓመት ሆኖታል ይላል። በእነዚህ ዘመናት ሰዎች ኃይለኛውን ከኃይለኛው እያዳቀሉ፣ በየማሰሮው እያጋጠሙ፣ እየተወራረዱ አመጡት። ጠቡን ከዓሣው ባሕርይ ውስጥ ጥቂቷን ወሰዱና አረቧት፣ አሳደጓት፣ ገበያ አወጧት።

ታዲያ እኛ ቤት የተደረገው ምን ነበር? መሸሻ የሌለበት ጀሪካን ውስጥ ሁለት ዓሣ አስገባን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን «አቤት ጠበኝነት!» አልን።

*

ጥቅምት ላይ ልጁ እንደገና ደወለ። ታርቀናል ማለት ነው። «ጋሼ፣ ፊታውራሪ አፉ አረፋ ያወጣል። አበደ መሰለኝ።»

አረፋው ጎጆ ነበር። ወንዱ ቤታ አየር በአፉ እየጎረሰ፣ በምራቁ እየለወሰ ውሃው ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን ስትጥል እንቁላሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ወንዱ እየተከተለ በአፉ ይለቅምና ጎጆው ውስጥ አንድ በአንድ ይተፋዋል። የወደቀውን ይመልሳል፣ የፈነዳውን አረፋ ይጠግናል። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ የሚጠብቃቸው እሱ ብቻውን ነው። ሴት ባትኖርም፣ እንቁላል ባይኖርም፣ ደህና ከሆነና ውሃው ጸጥ ካለ ጎጆውን ይሠራል።

ይኼን ነግሬው ልጁ ለሐጂ ነግሯቸው ኖሮ፣ «አባት ነው በለኛ» አሉት አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ የሚያባርሩት ሐጂ ሆኑ።

ሐጂን ከዓሣው ጋር ያወዳጃቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወባ። የይፋት ቆላ ልጅ የሆነ ሁሉ ከወባ ጋር ያደገ ነው። የደጋ ሰው ለእርሻ ወይም ለገበያ ወደ ቆላ ሲወርድ «አትደር» እየተባለ ነበር የሚወርደው። እኔ ልጅ ሆኜ ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎች ሲመጡ ዕቃ ሁሉ ግቢ ይወጣ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሐጂም በዕድሜያቸው ስንት የወባ ክረምት አልፈዋል። በራቸው ላይ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት በርሜል አለ፤ ውስጡ የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። አንድ ቀን ልጁ ከዚያ በጣሳ ቀድቶ አምጥቶ ጀሪካኑ ላይ ሲያፈስ ደረሱበት። ፊታውራሪ እየዞረ እጩን አንድ በአንድ ለቀመው። ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስኪያልቅ ድረስ አዩት። «ለካስ ሥራ አለው» አሉ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አሰብ ከተማ ውስጥ በየጉድጓዱና በየውሃ ማጠራቀሚያው የአካባቢውን ትናንሽ ዓሦች በመልቀቅ የትንኝ እጭ ለመቀነስ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ተገኝቶበታል። ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ያስፈልገናል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው «አኖፌለስ ስቴፈንሲ» የምትባል የወባ ትንኝ የከተማ በርሜልና ታንከር ትወዳለች። በኋላ በተደረገ ፍለጋ ድሬዳዋም፣ ገዋኔም፣ ባቲም ተገኝታለች። ይኼን አንብቦ ግን ቤታ ገዝቶ ወንዝ ውስጥ የሚለቅ እንዳይኖር። እንግዳ ዓሣ ወንዝ ከገባ የአገሩን ዓሣ ይሻማል፤ በሰሜን አውስትራሊያ ከሰው ቤት የወጣ ቤታ በረግረጉ ተራብቶ ራስ ምታት ሆኗል። በርሜል ይከደን፤ አጎበርም ይዘርጋ። ፊታውራሪ ለወባ መከላከያነት አልተቀጠረም።

*

ኅዳር 2014 መጣ። ጦርነቱ ከወሎ ወደ ታች እየወረደ ነው። ወሬው ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ አንዱ «ካራቆሬ» ይላል፣ ሌላው «አጣዬ» ይላል። አጣዬ ደግሞ በዚያው በ2013 ሚያዝያ ተቃጥላ ገና አመዷን አላራገፈችም። እህቴ አንድ ሌሊት ላይ ደወለች። «አይሱዙ ተገኝቷል። ወደ ደብረ ብርሃን ልንወጣ ነው።» ከኋላ የልጁ ለቅሶ ይሰማል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ዓሣውን ካልያዝኩ ብሎ ነው።»

ስልኩን ስጪኝ አልኳት። «ስማ» አልኩት፣ «ሰው ራሱ ቦታ የለውም። ለዓሣ ብለህ እናትህን እንዳታስቸግር። ደግሞ ጣርማ በር ይገድለዋል፤ ኅዳር ነው።» ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። የሃያ ሊትር ጀሪካን ይዞ ሰው የተጫነበት አይሱዙ ላይ መውጣት አይቻልም። በሃይላንድ ቢይዘውም ያን ብርድ አይችለውም። ልጁ ግን፣ «አንተ ስታመጣውስ?» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

መልስ አልነበረኝም። አንዲት የማላውቃት ሴት ከልጇ ጋር ጠቅልላ ነው ያሻገረችልኝ።

ሐጂ አልሄዱም። «በዚህ ዕድሜዬ ዳገት ምን ልሠራ? የሚመጣውን እዚሁ ልየው» አሉ። እህቴ የቤቱን ቁልፍ ሰጥታቸው ሄደች። «ቤቴን ይጠብቁልኝ» ማለቷ እንኳ ለወጉ ያህል ነው፤ አንድ ሽማግሌ ቤት ከምን ይጠብቃል?

ሸዋ ሮቢት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቀናት ቆየች። ኅዳር 22 ቀን መንግሥት ከተማዋን መልሶ መያዙን አስታወቀ። እነእህቴ ከደብረ ብርሃን እኔ ጋ አዲስ አበባ ገብተው ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ አብረን ወረድን። ከወጡ ሃያ ስድስት ቀን ሆኗቸዋል። መንገዱ ላይ ያየነውን ሌላ ቀን ልጻፈው። ቤቱ በሩ ተገንጥሏል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የእህል ጆንያው ተደፍቷል። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጁ ወደ መስኮቱ ሮጠ።

ጀሪካኑ እንዳለ ነው። ለአሮጌ ጀሪካን ማን ደንታ አለው? ወንፊቱም እላዩ ላይ አለ። ልጁ ወንፊቱን አንስቶ ቆመ፤ አይናገርም። እኔ ፈራሁና ሳልቀርብ ቆየሁ። ኋላ ሄጄ አየሁት። ውሃው ጎድሏል ግን አልደረቀም። ፊታውራሪ ከስቷል፣ ክንፉ ገርጥቷል። ጥላችንን ሲያይ ግን ወደ ላይ መጣ።

ተአምር አይደለም። ዓሣ እንደ እኛ ገላውን በምግብ አያሞቅም፤ ቤታ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ሃያ ስድስት ቀን ግን ብዙ ነው፤ በዚያ ቆላ ውሃውም ይተናል። ሐጂ ሲመጡ ጠየቅናቸው።

«በየሦስት በየአራት ቀኑ ከበርሜሉ በጣሳ እጨምርለት ነበር» አሉ። «ውሃውም ምግቡም እዚያው አለበት።» ከበርሜሉ እስከ መስኮቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ጣሳ ይዞ መመላለስ ቀላል አይደለም።

«አባ ሐጂ፣ ለዓሣ ብለው?» አለች እህቴ።

«ቤቴን ይጠብቁልኝ አላልሽም?» አሏት። «ዕቃሽን መጠበቅ አልቻልኩም። ወሰዱት። ቤቱ ውስጥ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። እሱን ጠበቅሁልሽ።»

*

ቤታ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ሦስት አራት ዓመት ከኖረ ጠግቦ ኖሯል ይባላል። ፊታውራሪ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት በእርጅና ሞተ። ሰማያዊነቱ ገርጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ ሲያቅተው ልጁ ውሃውን ቀንሶ ጥልቀቱን አሳጠረለት፣ ብዙ እንዳይደክም። ይኼን ማንም አልነገረው፤ አይቶ አይቶ ያገኘው ነው። ማንጎው ሥር ቀበረው። ሐጂም ከእሱ ቀድመው አልፈው ነበር። በርሜላቸው ግን አሁንም ቆሟል፤ ልጁ ክዳን አሠርቶለታል።

ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ ተከፈተ። በተከፈተ ቁጥር እወርዳለሁ። ልጁ ዛሬ ድምፁ ጎርንኗል፣ ቁመቱ በልጦኛል። ባለፈው ስደውልለት፣ «መንገዱ ሰላም ከሆነ ልመጣ ነው፤ ምን ላምጣልህ?» አልኩት። ጫማ ወይም ስልክ ይላል ብዬ ነው።

«ዓሣ አምጣልኝ» አለ።

«ሰማያዊ ነው ቀይ?»

ትንሽ ዝም አለ።

«የፈለግከውን አምጣ ጋሼ» አለኝ። «ግን አንድ ብቻ። ጋቢም ያዝ።»